ባዳው ጆሮ፦ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫን ድምፅ ስለ መመዘን

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ተረቱ። የተነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለማመልከት ነው። ይሁንና ከዚህ ዘመን የሙዚቃ አደማመጥ ጋር ሲያያዝ ሌላ ፍቺ ይሰጣል። ጆሮ የወደደውን ድምፅ ለምን እንደ ወደደው ለባለቤቱ አይነግረውም። ድምፁ ስለ ጠራ ይሁን ስለ ጮኸ፣ ማዳመጫው ጥሩ ስለ ሆነ ይሁን ውድ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ጠይቆ የታመነ መልስ አያገኝም።

ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም የሚነካው ብዙ ሰው ነው። ዘፈን በአንድ ወቅት የሳሎን እንግዳ ነበር፤ ሸክላው ሲዞር ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም በአንድነት ይሰማ ነበር። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው የካሴት ክር ዘፈንን በኪስ የሚያዝ አደረገው፤ የሶኒ ዎክማን በ1979፣ የአፕል አይፖድ በ2001 ደግሞ ከሳሎን አውጥተው ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ሰጡት። ዛሬ ከመርካቶ እስከ ናይሮቢው ኢስሊ፣ ከጅቡቲ እስከ ካምፓላ፣ አንድ ወጣት የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮው ውስጥ በተወተፈች የጣት ጫፍ በምታህል ዕቃ በኩል ነው። ያች ዕቃ የሸፈነችውን እርሱ እንዳልተዘፈነ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የማዳመጫ ምርጫ የሸማች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሂስም ጉዳይ ነው።

የገበያው ሂስ ግን አንዲት ቃል ብቻ አላት፤ እርሷም «ቤዝ» ናት። ሻጩ «ቤዙ ኃይለኛ ነው» ካለ ክርክሩ ያለቀ ይመስላል። አማርኛ ግን ስለ ድምፅ ድኻ ቋንቋ አይደለም። ጎርናና፣ ሰላላ፣ ስርቅርቅ፣ የታፈነ፣ የጠራ እያለ ድምፅን ሲለይ የኖረ ሕዝብ፣ ማዳመጫን ለመመዘን ከአንዲት የውሰት ቃል በላይ መሣሪያ አለው። ጎርናናውን ድምፅ ጎርናና፣ ስርቅርቁን ስርቅርቅ አድርጎ የሚያደርስ ማዳመጫ ጥሩ ነው፤ ሁሉን ጎርናና ወይም ሁሉን ሰላላ የሚያደርግ ግን የዘፋኙን ጉሮሮ በራሱ ጉሮሮ የለወጠ ነው።

ዋጋና ዐይን

ምዘናውን አስቀድሞ የሚያበላሸው ጆሮ ሳይሆን ዐይን ነው። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ አድማጮች የድምፅ ማጉያዎችን እያዩ ሲሰሙ የሰጡት ነጥብና ማጉያዎቹ ከዐይናቸው ተሰውረው ሲሰሙ የሰጡት ነጥብ ተለያይቶ ተገኘ። ግዙፍነት፣ ስምና ዋጋ ነጥብ ያስጨምሩ ነበር። በ2017 ደግሞ የሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ የ283 ማዳመጫዎችን ልኬት ከዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በድምፃቸው ቅርጽና በመሸጫ ዋጋቸው መካከል ዝምድና አለማግኘቱን አስታወቀ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ርካሹ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል አይደለም። ዋጋ ስለ ድምፅ ምስክር ሆኖ ሊቆም አይችልም የሚል ነው።

ከዐይን ቀጥሎ የሚያታልለው የድምፅ ከፍታ ነው። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ለወፍራሙና ለቀጭኑ ድምፅ እኩል ስሜት የለውም፤ ድምፅ ዝግ ባለ ቍጥር በተለይ ወፍራሙ ቀድሞ ይጠፋበታል። ከፍ ሲደረግ ግን ያው ዘፈን የሞላ፣ የበሰለና የቀረበ መስሎ ይሰማል። እንግዲህ ሁለት ማዳመጫዎች እኩል ከፍታ ሳይሰጣቸው ቢነጻጸሩ፣ በጥቂቱ የሚጮኸው ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው። በሱቅ ደጃፍ ላይ የሚደረገው ፍርድ አብዛኛው በዚህ መንገድ የሚሰጥ ነው፤ ገዢው ጥራት የመረጠ መስሎት ጩኸት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ውታፉ

ሦስተኛው የስሕተት ምንጭ ከማዳመጫው ይልቅ ከራሱ ከአድማጩ ጆሮ ጋር የተያያዘ ነው። የጆሮ ቦይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው፣ በአንድ ጫፉ በታምቡሩ የተዘጋ ቧንቧ ነው። እንደ ዋሽንት ሁሉ የራሱ ድምፅ አለው፤ በ3000 ሄርትዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጎላል። የሰው ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ዓለምን የሰማው በዚህ ጉላት ነው። ማዳመጫው ቦዩን ሲወትፈው ይህ ተፈጥሯዊ ጉላት ይለወጣል። ስለሆነም ጥሩ ሠሪ የጠፋውን መልሶ በዕቃው ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። ካላስገባ ድምፁ ከበር ኋላ እንደሚመጣ የታፈነ ይሆናል፤ ካበዛው ደግሞ ይጮኻል፣ ይወጋልም። የአንድ ማዳመጫ ሠሪ ብልኀት በአብዛኛው የሚታየው በዚህች ጠባብ ስፍራ ነው።

ወፍራሙ ድምፅ ግን የሚኖረው ውታፉ ከገጠመ ብቻ ነው። በጎማው ጫፍና በቦዩ ግድግዳ መካከል ጥቂት ክፍተት ከቀረ፣ የቤዝ ጊታሩና የከበሮው ሥር በዚያች ቀዳዳ ይሾልካሉ። አንድን ማዳመጫ አንዱ «ሰላላ ነው» ሲለው ሌላው «ጎርናና ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ በጣዕም ልዩነት አይደለም፤ አንዱ በትክክል ስለ ወተፈው ሌላው ስላልወተፈው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የጎማ ጫፎች የሚቀመጡት ለዚህ ሲሆን፣ ብዙዎች ግን መካከለኛውን ብቻ ሞክረው የቀሩትን ከነፌስታላቸው ይጥሏቸዋል። የግራና የቀኝ ጆሮ ስፋት ሊለያይ እንደሚችልም የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አራት ማዳመጫዎች፣ ሦስት ሥራዎች

ይህ ከታወቀ በኋላ ንጽጽሩ ትርጉም ይኖረዋል። አራት የታወቁ ማዳመጫዎች አራት የተለያዩ የአሠራር ሐሳቦችን ይወክላሉ። የመጀመሪያው አፕል በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ሽቦው ነጭ ማዳመጫ ነው፤ ጎማ የለውም፣ ቦዩንም አይወትፍም፣ በጆሮ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ። ሁለተኛው በ2011 የወጣው ሹር ኤስኢ215 ነው፤ እንደ ትልቅ ድምፅ ማጉያ የሚርገበገብ ስስ ሽፋን ያለው፣ ሽቦው በጆሮ ላይ የሚጠመጠም፣ ወፍራሙን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያጎላ። ሦስተኛው በ1991 የወጣው ኢቲሞቲክ ኢአር4 ነው፤ በማግኔት መካከል የምትንቀጠቀጥ ጥቃቅን የብረት ምላስ ያለችው፣ ባለ ሦስት እርከን ጎማው ወደ ቦዩ ጠልቆ የሚገባ። ይህኛው በ2016 ታድሶ ሲወጣ ከ300 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። አራተኛው በ2022 በሃያ ዶላር ገደማ ለገበያ የቀረበው የቻይናው ሙንድሮፕ ቹ ነው፤ አንዲት ስስ ሽፋን ብቻ ኖራው፣ ድምፁ ግን በምርምር በተደረሰበት የአድማጮች ምርጫ ዙሪያ የተቃኘ።

የሚፈተኑባቸው ሥራዎች አድማጩ ከሚኖርበት የሙዚቃ ዓለም የተወሰዱ ሊሆኑ ይገባል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በመራው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የሲዲ ተከታታይ ውስጥ ከታተሙት ሦስቱ ለዚህ በቂ ናቸው፤ የዓለሙ አጋ በገና፣ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው «ኧረ መላ መላ»፣ እና የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ።

በገና ለማዳመጫ ክፉ ፈተና ነው። አሥሩ አውታሮቹ ወፍራም ናቸው፤ ነገር ግን ባሕርዩን የሚሰጠው ወፍራምነቱ ብቻ አይደለም። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትሸጎጠው ቍራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባለው፣ አውታሩ ሲመታ ታነዝረዋለች። ያ ንዝረት ከወፍራሙ ሥር ተነሥቶ እስከ ቀጭኑ ጫፍ ድረስ የተዘረጋ ድምፅ ይፈጥራል። ስለዚህ በገና በአንድ ጊዜ ደረትም ጉሮሮም ይፈልጋል። በነጩ ማዳመጫ ደረቱ ይጎድላል፤ ንዝረቱ ሥር እንደሌለው ዛፍ በአየር ላይ ይቀራል። በሹር ደረቱ ሰፊና ሞቅ ያለ ነው፤ እንዚራዋ ግን ጋቢ የተደረበባት ትመስላለች። በኢቲሞቲክ የእያንዳንዱ ንዝረት ክር ተለይቶ ይሰማል፤ ደረቱ ግን ከሥጋው ቀነስ ያለ ነው። ቹ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ደረትም ንዝረትም ይሰጣል፤ ሆኖም ከፍ ተደርጎ ሲሰማ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮን ማድከም ይጀምራል።

በ1975 እ.ኤ.አ. የተቀረጸው «ኧረ መላ መላ» ሌላ ጥያቄ ያቀርባል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛዋ ድምፅ 41 ሄርትዝ ገደማ ናት፤ የወንድ ድምፅ ሥር ደግሞ ከ100 ሄርትዝ አካባቢ ይነሣል። ማዳመጫው ከ100 እስከ 200 ሄርትዝ ያለውን መሰላል በብዛት ካጎላ፣ የቤዝ ጊታሩ ጅራት የዘፋኙን ደረት ይረግጣል። የሹር ድክመት ይህ ነው፤ ምቱ ያወዛውዛል፣ የማሕሙድ ድምፅ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ኢቲሞቲክና ቹ ዘፋኙን ከፊት ያቆሙታል። ነጩ ማዳመጫም በዚህ ፈተና ከሚገመተው በላይ ይመሰገናል፤ ሥሩን ቢያጣም የሰው ድምፅ የሚኖርበትን መካከለኛውን ሰፈር ብዙ አላበላሸውምና።

በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖ የእኩልነት መለኪያ ነው። እጃቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ እያንዳንዱ ድምፅ ከጎረቤቱ ጋር በተመጠነ ኃይል መውጣት አለበት። አንዷ ቁልፍ ከመካከል ድንገት ዘልላ ብትወጣ ወይም ብትሰጥም፣ ጥፋቱ የእማሆይ ሳይሆን የማዳመጫው ነው። በዚህ ኢቲሞቲክን የሚስተካከለው የለም። በሹር የግራ እጃቸው ጥላ በቀኝ እጃቸው ላይ ይወድቃል። ቹ ከዋጋው እጅግ በላቀ ደረጃ ይራመዳል።

መጣና መታ

እስከዚህ ድረስ የተባለው ስለ ዜማ ነው። በአማርኛ ዘፈን ግን ዜማው የግጥሙ ፈረስ ነው፤ ፈረሰኛው ከወደቀ ፈረሱ ብቻውን ቢጋልብ ምን ይጠቅማል? አማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ የተሰኙ የሚፈነዱ ፊደላት አሉት። እነዚህ ከአቻዎቻቸው ከተ፣ ከቸ፣ ከከ፣ ከሰ፣ ከፐ የሚለዩት በአንዲት ቅጽበት ፍንዳታ ነው። «መጣ» እና «መታ»፣ «ቅር» እና «ክር» የሚለያዩት በዚህችው ቅጽበት ብቻ ነው። ይህች ፍንዳታ ያረፈችው በድምፁ ቀጭን ክፍል፣ በብዙ ሺህ ሄርትዝ ሰፈር ነው። ቀጭኑን ድምፅ አፍኖ ወፍራሙን የሚያሳብጥ ማዳመጫ የሚያጠፋው ጌጥን አይደለም፤ ፊደልን ነው።

ሰምና ወርቅ በሚቀኝ ሕዝብ ዘንድ ፊደል መጥፋት ቀላል ኪሳራ አይደለም። አንዲት ቃል ጠብቃ ወይም ላልታ፣ ተያይዛ ወይም ተነጣጥላ ስትሰማ ወርቁ ይወጣል ወይም ይቀበራል። አድማጩ ሰሙን ብቻ ይዞ ሲወዛወዝ ቢታይ ጥፋቱ የትውልዱ ተደርጎ ይነገራል፤ ወጣቱ ግጥም አያዳምጥም ይባላል። ከነቀፋው በፊት ግን በጆሮው ውስጥ ያለው ዕቃ ግጥሙን ያደርስለት እንደ ሆነ መጠየቅ ፍትሕ ነው።

የቅጂው ዕዳ

በአንጻሩ የጠራ ማዳመጫ ሁልጊዜ ደግ ጓደኛ አይደለም። አብዛኛው የአካባቢው የሙዚቃ ቅርስ ወደ ዛሬ የደረሰው በካሴት ነው፤ ያውም ከቅጂ በተቀዳ ቅጂ። እያንዳንዱ ቅጂ የክሩን ሹሹታ ይጨምራል፣ ቀጭኑንም ድምፅ ይሸርፋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘፈኑ ለስልክ እንዲመች ተጨምቆ ተጠቧል። እንዲህ ያለውን ፋይል በኢቲሞቲክ የሚሰማ ሰው ከዘፋኙ ይልቅ ሹሹታውን ሊሰማ ይችላል። ጋቢ የሚደርበው ሹር ግን ሹሹታውን ከሸፈነ በኋላ ዘፈኑን ያስደምጣል። «የታፈነ» ተብሎ የተወቀሰው ባሕርይ እዚህ ላይ ምሕረት ይሆናል።

ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ ፍርዱን ግን አይገለብጥም። የሚሸፍን ማዳመጫ መጥፎውን ቅጂ ሲያስተካክል ጥሩውንም አብሮ ያበላሻልና። መልካም ቅጂ በእጁ ላለ ሰው ጋቢው ሸክም ነው። ከዚህም በላይ ሹሹታውን መስማት ራሱ ጥቅም አለው፤ የትኛው ቅጂ ለመጀመሪያው ሸክላ የቀረበ እንደ ሆነ፣ የትኛውም ከአሥረኛ እጅ የመጣ እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከሐርጌሳ ሬድዮ ማኅደር የተረፉት የሶማሊኛ ካሴቶች በ2017 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ ታትመው የዓለምን ጆሮ ሲያገኙ፣ በመጀመሪያ አንድ ሰው ቅጂን ከቅጂ በጆሮው መለየት ነበረበት።

ጩኸትና ዕድሜ

ለወፍራም ድምፅ የሚቀርበው ሌላው መከራከሪያ መንገዱ ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ ወይም በናይሮቢ ማታቱ ውስጥ የሞተሩ ጉርምርምታ የዘፈኑን ወፍራም ክፍል ይውጠዋል፤ ስለዚህ ቤዙ የበዛ ማዳመጫ በመንገድ ላይ ሚዛናዊ ሆኖ ይሰማል። መከራከሪያው ትክክል ነው። ነገር ግን ለጉርምርምታው ሁለት መልስ አለ፤ ዘፈኑን ማስጮህ ወይም ጉርምርምታውን ማስቀረት። ነጩን ማዳመጫ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ከመምረጥ ሌላ ዕድል የለውም። ጠልቆ የሚወትፈው ግን የውጪውን ጩኸት ከ30 ዴሲቤል በላይ ሊቀንስ ስለሚችል ባለቤቱ ዝግ አድርጎ ይሰማል። እርግጥ ነው፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ጆሮውን ጥርቅም አድርጎ መዝጋቱ ሌላ አደጋ አለው፤ ይህን ለእግረኛ ማስታወስ ይገባል።

ነገሩ ከጣዕም አልፎ ወደ ጤና የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ነጥብ አንድ ቢሊዮን ያህል ወጣቶች በአደማመጣቸው ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ድርጅቱ ለአዋቂ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ከፍታው 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ዴሲቤል ሲደርስ በሳምንት የሚቀረው 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በጩኸት የሚጎዳው አስቀድሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው፤ እርሱም «መጣ»ን ከ«መታ» የሚለየው ነው። የተጎዳው ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ጎማ ይለወጣል፣ ማዳመጫ ይገዛል፤ የጆሮ ውስጥ ሕዋስ ግን መለዋወጫ የለውም።

ፍርዱ

እንግዲህ ከአራቱ ማንኛው ይመረጣል? ለቃልና ለቅኝት ጥራት ኢቲሞቲክ ይቀድማል፤ ይሁንና ጠልቆ መግባቱን የማይታገሡ ጆሮዎች ብዙ ናቸው፤ የማይደረግ ማዳመጫ ደግሞ ምንም ያህል ቢጠራ አይሰማም። ሹር የመንገድና የአሮጌ ካሴት ጓደኛ ነው፤ ለግጥም ግን አይታመንም። ነጩ ማዳመጫ በጸጥታ ቤት ውስጥ ለሰው ድምፅ ይበቃል፤ በጩኸት መካከል ግን ጆሮን ለጉዳት ያጋልጣል። ቹ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ከሚያስከፍለው ጋር በአንድ ገበታ መቀመጡ የዚህ ንጽጽር ትልቁ ዜና ነው፤ ተማሪው ወይም የቀን ሠራተኛው ግጥሙን ሳይነጠቅ የሚያዳምጥበት ዘመን መምጣቱን ያመለክታልና።

ከምርጫው ይልቅ የሚበልጠው ግን የአመራረጡ ሥርዐት ነው። አድማጩ አስቀድሞ ልኩ የሆነውን ጎማ ይፈልግ፤ ሁለቱንም ማዳመጫዎች እኩል ከፍታ ላይ ያውላቸው፤ ቃል በቃል የሚያውቀውን አንድ ዘፈን ይምረጥ፤ አጭር ክፍል እየደጋገመ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለዋውጥ። ስማቸውንና ዋጋቸውን ለጥቂት ደቂቃ ይርሳ። «የትኛው አስደሰተኝ?» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ያልሰማሁትን ቃል ሰማሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ በጩኸት ይታለላል፤ ሁለተኛው ግን በቀላሉ አይታለልም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ቢሆንም፣ እንዲህ እየተጠየቀ የኖረ ጆሮ ቀስ በቀስ ይዛመዳል።